ለአዲስ ገቢዎች፦ በየትኛው ክላስ ልጀምር?

ሰላም የቡድናችን ልጆች፣

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ክላሲክ የተባለውን የኢንተርኔት ጨዋታ ገና የጀመራችሁ «በምን ክላስ (የገጸ ባሕሪ ዓይነት) ልግባ?» እያላችሁ ስለሆነ እዚሁ ልመልስ። ብቻውን ለሚጫወት ጀማሪ የኔ ምርጫ ሃንተር (አዳኝ) ነው።

ሌቭል (ደረጃ) 10 ላይ አውሬ ማላመድ ትማራላችሁ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ሌላ ነው። አውሬው ፊት ሆኖ ዱላውን ይቀበላል፣ እናንተ ከሩቅ ትተኩሳላችሁ። ቶሎ ቶሎ አትሞቱም። ግን አደራ፣ አብሉት! ድብ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ የድመት ዘሮች ግን ሥጋና ዓሣ ብቻ ነው የሚፈልጉት። አውሬው ከከፋው ምቱ ይደክማል፣ ሲብስበት ጥሏችሁ ይሄዳል። ቀስትም ስለሚያልቅ ከከተማ ሳትወጡ በደንብ ግዙ። ጠላት አጠገባችሁ ከደረሰ ደግሞ መተኮስ አትችሉም፤ ራቅ በሉ።

በቡድን ዳንጀን (ጠንካራ ጠላቶች ያሉበት የቡድን ቦታ) ስንገባ የአውሬውን ግራውል (ጠላትን ወደ ራሱ የሚስብበትን ችሎታ) አጥፉልን። አለበለዚያ ጠላቱን ከታንካችን (ፊት ሆኖ ዱላውን ከሚቀበልልን ተጫዋች) ላይ ይነጥቃል።

ዋሪየር (ተዋጊ) ያምራል፣ አውቃለሁ። ጥሩ መሣሪያና የሚፈውስ ጓደኛ ከሌለ ግን እስከ ሌቭል 60 መንገዱ አድካሚ ነው። ሁለት ሆናችሁ የምትጀምሩ ከሆነ አንዳችሁ ዋሪየር፣ አንዳችሁ ፕሪስት (ፈዋሽ) ሁኑ፤ በጣም ትደጋገፋላችሁ። ሜጅ (አስማተኛ) ምግብና ውኃውን ራሱ ይፈጥራል፣ ዱላ ሲያርፍበት ግን አይችልም።

የኛ ቡድን በጨዋታው ካሉት ሁለት ወገኖች አሊያንስ ነው። በዚህ ወገን ሃንተር የሚሆኑት ድዋርፍና ናይት ኤልፍ የሚባሉት ዘሮች ብቻ ናቸው፣ ሂዩማን (ሰው) አይሆንም። ገጸ ባሕሪያችሁን ከመፍጠራችሁ በፊት ቡድናችን ያለበትን ሰርቨርም አረጋግጡ።

የመረጣችሁትን ክላስና የምትገቡበትን ሰዓት ጻፉልን፣ አብረን እንወጣለን።