ክረምቱ የኛ ክረምት አይደለም

ይድረስ ለወንድምዓለም ይበልጣል፣

እንዴት ከረምህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ለእማማ አርባ ሳልመጣ ቀርቼ፣ ከዚያ ወዲህም ስልክ እንኳ ሳልደውል ዓመት አለፈ። ሰበብ አልደረድርልህም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማርቆስ ስመጣ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ዛሬ የጻፍሁልህ የከብቶችህ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

እኅትህ ነገረችኝ። ማታ ማታ ስታርዲው ቫሊ የሚባለውን የእርሻ ጨዋታ በኮምፒውተር እየተጫወትህ ነው አሉ። ሦስት ላምና አራት ዶሮ ገዝተሃል፤ ብሉቤሪህ ሁሉ በአንድ ሌሊት ደርቆብሃል፤ «ጨዋታውን አጠፋዋለሁ» ማለትም ጀምረሃል። እባክህ አታጥፋው። ብሉቤሪው የደረቀው አንተ ስላጠፋህ አይደለም። እዚያ አንድ ወቅት 28 ቀን ብቻ ነው፤ በ28ኛው ሌሊት የወቅቱ ያልሆነ ሰብል ሁሉ ይሞታል። ብሉቤሪ የበጋ ነው፣ በጋው አለቀ፣ አለቀ። ከበጋ ወደ መኸር የሚሻገሩት እንደ ስንዴና በቆሎ ያሉት ጥቂቶች ናቸው።

እኔን ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ሣሩን ሁሉ በማጭድ አጭደህ «ግቢው ጸዳ» ብለሃል አሉ፤ ድርቆሽ የሚከማችበት ሳይሎም የለህም። ይበልጣል! የጎዛምን ልጅ ድርቆሽ ሳይከምር ከብት ይገዛል? አባትህ በኅዳር ምን ያስደርጉን እንደነበር ረሳኸው?

ክረምት የሚለው ቃል ሳያዘናጋህ አልቀረም። የኛ ክረምት ሣር ጉልበት የሚደርስበት ነው፤ ከብቱ ጠግቦ የሚያድርበት። የዚያ ግን በረዶ ነው። ሙሉውን 28 ቀን ላምም ዶሮም ከቤት አይወጣም፣ የሚበላውም ከግርግም ብቻ ነው። የኛን የካቲትና መጋቢት አስብ፤ ክረምታቸው እሱ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ እንስሳ በቀን አንድ ድርቆሽ ይበላል። ሰባት እንስሳ በ28 ቀን 196 ይጨርሳል። አንድ ሳይሎ 240 ይይዛል፣ ስለዚህ አንዱ ይበቃሃል። ሠሪዋ አናጢዋ ሮቢን ናት፤ 100 ወርቅ፣ 100 ድንጋይ፣ 10 ሸክላ አፈርና 5 የመዳብ ባር ትጠይቅሃለች፣ ለመሥራት ሁለት ቀን ይፈጅባታል። ማክሰኞ ሱቋ ዝግ ነው። ሸክላውን በዶማ ስትቆፍር ታገኘዋለህ፤ ባሕሩ ዳር ያለው አሸዋ ለዚህ ጥሩ ነው። ለመዳቡ 25 የመዳብ ማዕድንና 5 ከሰል ያስፈልግሃል፤ አንድ ባር በምድጃ ከ5 ማዕድንና ከ1 ከሰል ይወጣል። ምድጃ ከሌለህ እሱን ለመሥራት ሌላ 20 ማዕድንና 25 ድንጋይ ጨምር። መዳብ በማዕድን ጉድጓዱ የላይኛው ክፍል ሞልቷል፤ ከ40ኛው ፎቅ በታች መውረድ አያስፈልግህም።

ሳይሎው ቆሞ እስኪያልቅ አንዲት ሣር እንዳታጭድ። ሳይሎ ከሌለ የታጨደው እንዲሁ ይጠፋል፤ የበፊቱም እንደዚያ ነው የጠፋብህ። ሳይሎ ካለም መጀመሪያ በተሰጠህ ማጭድ ከሁለት ሣር አንዱ ነው ድርቆሽ የሚሆነው። 196 ለማግኘት ወደ 400 ማጨድ አለብህ ማለት ነው። ያ ሁሉ ሣር ከቀረልህ እሰየው። ካነሰ ባለ ሱቁ ፒየር የሣር ዘር አንዱን በ100 ወርቅ ይሸጣል፤ ራቅ አድርገህ ጣል ጣል አድርገው፣ እስከ ወቅቱ መጨረሻ ይዛመታል። ከበረቱ አጠገብ ያለውን አትንካ፤ ከብቶቹ ወጥተው እሱን ሲበሉ ከሳይሎው አይወስዱም። በዝናብ ቀን ግን አይወጡም፣ ያን ቀን ከግርግም ነው። የተረፈውን በመኸር 27 እና 28 ጠራርገህ እጨድ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፦ ሳይሎው ሙሉ ሆኖ ከብቱ ይራባል። በመጀመሪያው በረትና የዶሮ ቤት ድርቆሹ በራሱ ወደ ግርግም አይመጣም። ጠዋት ጠዋት ገብተህ የሳይሎውን ድርቆሽ ከሚያወጣው ማውጫ ወስደህ አንድ በአንድ ታስቀምጣለህ። አንድ ቀን ብትረሳ አይሞቱም፣ አትደንግጥ፤ ግን ይከፋቸዋል፣ ወተትና እንቁላልም ይነጥፋል።

ከብት ከምትሸጠው ከማርኒ ድርቆሽ ገዝቼ አበላለሁ ካልህ አንዱ 50 ወርቅ ነው። 196ቱ 9,800 ይሆናል፤ ሰኞና ማክሰኞም አትሸጥም። ሆኖም የጎደለችውን ለመሙላት መግዛት ያዋጣል። ሦስቱ ላሞች በቀን 150 ወርቅ ይበላሉ፣ ካደጉና ከጠገቡ የእያንዳንዷ ወተት ቢያንስ 125 ያወጣል። በክረምት እርሻው ባዶ ስለሆነ በየቀኑ ገንዘብ የሚያስገቡልህ እነሱ ናቸው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? 6,000 ወርቅ እንዳለህ ሰምቻለሁ፣ መኸር 4 ላይ ነህም አሉ። ዛሬውኑ ክራንቤሪ ዝራ። ዘሩ አንዱ 240 ነው፣ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። በ7 ቀን ይደርስና ከዚያ በየ5 ቀኑ ሁለት ሁለት ፍሬ ይሰጣል። ዛሬ ከተዘራ በ11፣ በ16፣ በ21 እና በ26 ይለቀማል፤ ስምንት ፍሬ በ75 ሲሸጥ 600 ነው። 20 ብትዘራ 4,800 አውጥተህ 12,000 ታገኛለህ። የሳይሎውን 100 ግን መጀመሪያ ለይተህ አስቀምጥ። ዱባም አማረኝ ካልህ 13 ቀን ስለሚፈልግ ከመኸር 15 በኋላ አትዝራው፤ በ16 የተዘራ አንድ ቀን ሲቀረው ይሞታል። ማጠጣቱን አትዝለል፣ ያልጠጣ ሰብል ያን ቀን አያድግም። ሃያውን ማጠጣት ከ270 ጉልበትህ 40 ያህል ነው የሚወስደው፤ የቀረው ለማዕድኑ ይበቃሃል።

የውኃ ማጠጫውን ማሻሻል ለክረምት አቆየው። አንጥረኛው ክሊንት ሁለት ቀን ይይዘዋል፤ የሚጠጣ ሰብል በሌለበት ወቅት ብትሰጠው ምንም አይጎዳህም። በጨዋታው ስላለው ስጦታና ጋብቻ ሌላ ጊዜ።

አንድ ነገር ደግሞ፤ የእናንተ ሰፈር መብራት ይቆራረጣል፣ ኮምፒውተሩም ባትሪው ሞቷል አሉ። የሠራኸው ሁሉ የሚቀመጠው በጨዋታው ውስጥ ስትተኛ ብቻ ነው። የጨዋታው አንድ ቀን 14 ደቂቃ ያህል ስለሆነ መብራቱ ብልጭ ካለብህ ሥራህን ጨርሰህ ወዲያው አልጋ ግባ። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ካልተኛህ ደግሞ ወድቀህ ገንዘብ ሊወሰድብህ ይችላል።

ይበልጣል... ማታ ማታ ብቻህን መሆንህን እኅትህ ስትነግረኝ ምን እንደምልህ አላውቅም ነበር። አሁንም ብዙ አላውቅም። የማውቀውን ጻፍሁልህ።

ሳይሎው ሲቆም ስንት ድርቆሽ እንደገባ ላክልኝ። ከ150 ካነሰ እደውላለሁ። ካልነሰም እደውላለሁ።

ወንድምህ፣ ከባሕር ዳር