ግብራችን ለሎቢስት ክፍያ አይዋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቴክሳስ የቤት ባለቤት የሆንን ኢትዮጵያውያን በየዓመቱ በሚያዝያ አካባቢ ከካውንቲው የግምት መሥሪያ ቤት የሚደርሰንን ደብዳቤ የምንከፍተው በሥጋት ነው። የቤቱ ግምት ስንት ገባ፣ ፕሮፐርቲ ታክሱስ ምን ያህል ጨመረ እያልን በየዕድሩና በየማኅበሩ እንነጋገራለን፤ ከዚያው ገንዘብ ላይ ተቆንጥሮ የስቴቱ ዋና ከተማ ኦስቲን ለሚመላለሱ ሎቢስቶች፣ ማለትም ሕግ አውጪዎችን ለማግባባት በክፍያ ለሚቀጠሩ ሰዎች፣ እንደሚከፈል ግን ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

የቴክሳስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ለመደበኛ ጉባኤ በየሁለት ዓመቱ ለ140 ቀናት ይሰበሰባል። በእነዚህ ቀናት ብዙ ከተሞች፣ ካውንቲዎችና የትምህርት ቤት ዲስትሪክቶች በኮንትራት ሎቢስት ቀጥረው እንደራሴዎችን ያግባባሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሕግ ከተሞችና ካውንቲዎች የነዋሪውን ድምፅ ሳይጠይቁ በነባር ንብረት ላይ የሚሰበስቡትን ግብር የሚጨምሩበትን ጣሪያ በዓመት ከ8 በመቶ ወደ 3.5 በመቶ ሲያወርድ፣ አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል ከተሞቹና መዋጮ የሚከፍሉለት ማኅበራቸው ይገኙበታል። ግብር ከፋዩ ይቀነስልኝ ሲል፣ የገዛ ገንዘቡ ተመልሶ አይቀነስ ብሎ ተሟገተበት ማለት ነው።

የሚያስገርመው፣ የስቴቱ መሥሪያ ቤቶች ከተመደበላቸው በጀት ሎቢስት መቅጠር በሕግ የተከለከሉ መሆናቸው ነው። ያው ሕግ ግን አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ለሕዝብ መረጃ እንዳይሰጥ ወይም ምክር ቤቱ ሲጠይቀው እንዳይመልስ አያግድም። እኔም የምጠይቀው ይኸው ደንብ ወደ ከተሞች፣ ካውንቲዎችና የትምህርት ቤት ዲስትሪክቶች እንዲዘረጋ ብቻ ነው። ይህን የመሰሉ ረቂቆች በ2019፣ በ2021 እና በ2023 በሴኔቱ አልፈው በተወካዮች ምክር ቤት ሳይጸድቁ ቀርተዋል።

የከንቲባዎቹ መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ትንሽ ከተማ በሺህ የሚቆጠሩ ረቂቆችን የሚከታተልላት ባለሙያ የላትም፤ ከተሞች ዝም ሲሉ ደግሞ መድረኩ ለሪል እስቴት ኩባንያዎችና ለኤሌክትሪክ አቅራቢዎች ብቻ ይቀራል ይላሉ። ሥጋታቸው እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ከንቲባው ራሱ፣ የውኃ ክፍሉ ኃላፊ ወይም የትምህርት ቤቱ ሱፐርኢንቴንደንት ኦስቲን ሄዶ በኮሚቴ ፊት ቀርቦ ቢናገር የሚከለክለው ሊኖር አይገባም፤ እንዲያውም ጉዳዩን ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነው። ጠዋት ለከተማ፣ ከሰዓት በኋላ ለግል ኩባንያ የሚሟገት ቅጥረኛ ግን የማንን ጥቅም እንደሚያስቀድም ማወቅ አይቻልም።

ክልከላው ብቻውንም አይበቃም። ኮንግሬስ የመደበውን ገንዘብ የኮንግሬስ አባላትን ለማግባባት ማዋልን የሚከለክል የፌዴራል ሕግ ከ1919 ጀምሮ አለ፤ በ2002 ቅጣቱ ከወንጀል ወደ ፍትሐ ብሔር እስኪለወጥ ድረስ ግን በዚህ ሕግ በወንጀል የተከሰሰ ሰው አልነበረም። በቴክሳስ የቀረቡት ረቂቆች ነዋሪው ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ድርጊቱን እንዲያሳግድ የሚፈቅዱ መሆናቸው ከዚህ አንጻር ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ጉዳዩ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ኢትዮጵያ ዴሞክራሲና ሰብዓዊ መብት ለአሜሪካ ኮንግሬስ በቀረበው ኤችአር 2003 በተባለው ረቂቅ ሕግ ጊዜ የኢትዮጵያ መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ሎቢስት መቅጠሩ፣ የድሃ ሕዝብ ገንዘብ እንዲህ ይባክናል ወይ አሰኝቶ ብዙዎቻችንን አስቆጥቶ ነበር። ውሉንና ክፍያውን ማንበብ የቻልነውም የውጭ መንግሥታት ወኪሎች በፍትሕ ሚኒስቴር እንዲመዘገቡ በሚያስገድደው የ1938 ሕግ ምክንያት ነው። በቴክሳስ ሎቢስቶች ለሥነ ምግባር ኮሚሽኑ ክፍያቸውን የሚያስታውቁት ከዚህ እስከዚህ በሚል እርከን ስለሆነ፣ የራሳችን ከተማ በትክክል ስንት እንደከፈለ ከዚያ መዝገብ አናገኝም።

ሕጉ እስኪወጣ ድረስ የከተማ ምክር ቤቶችን አጀንዳ ማየት ይጠቅማል። የሎቢ ውል አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ያለ ውይይት በአንድ ድምፅ በጅምላ በሚጸድቁት ተራ ጉዳዮች መካከል ነው፤ ተነጥሎ ወጥቶ እያንዳንዱ አባል ድምፁን በስሙ እንዲያስመዘግብበት መጠየቅ ይቻላል። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው ወላጆቻችንም ከዚህ አይገለሉም፤ የቴክሳስ ሕግ የከተማው ምክር ቤት ከመወሰኑ በፊት ነዋሪው በአጀንዳው ላይ እንዲናገር መብት ሰጥቶ፣ የንግግር ጊዜ በሚገደብበትም ቦታ በአስተርጓሚ ለሚናገር ሰው፣ የቅጽበታዊ ትርጉም መሣሪያ ከሌለ፣ ቢያንስ እጥፍ ጊዜ እንዲሰጠው ያዛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ