ሸክላዎቹን ከመለጠፍህ በፊት

ወንድምዓለም፣

እንደ ድሮው «ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስህ» ብዬ ልጀምር ነበር። እንደምትስቅብኝ ስለማውቅ ተውኩት። ይኸው ሁለታችንም ተጠፋፍተን ከረምን። አንተ ሚኒያፖሊስ፣ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ተኝቶ፣ በዓል ሲመጣ ቴክስት ተለዋውጠን፣ በቃ። ማን ጠፋ የሚለውን ሌላ ቀን እንጨቃጨቅበታለን። አሁን የምጽፍልህ የላክኸውን የድምፅ መልእክት ሰምቼ ነው።

የጋሼን ነፍስ ይማር። ሰው ከአዲስ አበባ ሲመጣ በርበሬና ሽሮ ይዞ ይመጣል፤ እሳቸው ሻንጣ ሙሉ የሙዚቃ ሸክላ ይዘው መምጣታቸው እስካሁን ይገርመኛል። አሁን ሸክላዎቹንም ጠገራ ብሮቹንም ኢቤይ በሚሉት የኢንተርኔት ገበያ ላይ ልትሸጥ ነው። ከወንድሞችህ ጋር ከተስማማችሁ ጥሩ። ብቻ አንድ ነገር ይዘህ ግባ፦ እዚያ የሚገዛህ ሰው ስለ እቃው ካንተ የበለጠ ያውቃል።

ዋጋ ስታጠና የተሸጡትን ብቻ የሚያሳየውን ምርጫ ተጫን። ሰው አንድ ሸክላ ሺህ ዶላር ብሎ ቢለጥፍ የሚከለክለው የለም። ለአንተ የሚጠቅምህ ሰው ከኪሱ አውጥቶ የከፈለው ነው።

ደግሞ ጨረታ ሲባል የቤተ ክርስቲያኑ እንዳይመስልህ። እዚያ ድፎ ዳቦ አምስት መቶ ዶላር የሚገባው ሰዉ ለማርያም ብሎ ስለሚጨምር ነው። ኢቤይ ላይ ለማርያም ብሎ የሚጨምር የለም። በ99 ሳንቲም ጀምረህ «ይወጣል» ብለህ ከተቀመጥክ፣ ፈላጊው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ በ99 ሳንቲም ይወስደዋል። ዋጋ እንዲያስወጣልህ የአክስትህን ልጅ እንዳታስገባ፤ ክልክል ነው፣ አካውንትህን ይዘጉብሃል። ብዙ ሰው የሚያሳድደውን ለጨረታ አውጣ፣ የቀረውን በቁርጥ ዋጋ ለጥፈህ ጠብቅ።

የሚሳደደው የትኛው ነው ካልከኝ፣ አምሃ እሸቴ በ1969 በፈረንጆቹ የከፈተው የአምሃ ሬከርድስና የሌላው አሳታሚ የካይፋ ትንንሾቹ ባለ 45 (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት) ሸክላዎች ናቸው። እነሱን በዓይነ ቁራኛ የሚጠብቁ ፈረንጆች አሉ፤ የታተመበትን ቁጥር ሳይቀር በቃላቸው ያውቃሉ። ስለዚህ መሃሉ ላይ ያለውን ወረቀት በሁለቱም በኩል ፎቶ አንሳ። ሸክላውን በመስኮት ብርሃን ዘንበል አድርገህ ጭረቱ እንዲታይ አንሳው። አዎ፣ እንዲታይ! ርዕሱ ላይ የምትጽፍበት 80 ፊደል ብቻ ነው፤ «ብርቅዬ» «ድንቅ» እያልክ አትጨርሰው። የዘፋኙን ስም፣ የአሳታሚውን ስም፣ ቁጥሩን ጻፍ። ጥላሁንን ፈረንጅ በስንት ዓይነት እንደሚጽፈው ታውቃለህ፤ የተለመዱትን ሁለቱን አስገባቸው።

«ሚንት»፣ ማለትም እንደ አዲስ ያለ፣ የምትለውን ቃል ግን እርሳት። ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያጫውቱት የኖሩት ሸክላ ሚንት አይሆንም። አጫውተህ ስማው፤ የሚንጫጫበትን ቦታ፣ የሚዘልበትን ዘፈን ጻፍ። «መመለስ አይቻልም» ብለህ ብትለጥፍም፣ እቃው እንደገለጽከው ካልሆነ ገዢው በ30 ቀን ውስጥ ያመለክትብሃል፣ ገንዘቡም ይመለስለታል። የመላኪያው ኪሳራ ባንተ ነው።

አሁን ዋናው ፈተና። ጨረታው በተከፈተ በማግስቱ አንድ ትሁት ሰው ይጽፍልሃል፦ «አሁኑኑ 150 ልስጥህና ዝጋው»። ደስ ይልሃል፣ ምክንያቱም የተጫረተው ገና 12 ዶላር ነው። አትዝጋ! ቸኩሎ 150 የሚሰጥ ሰው ከዚያ በላይ እንደሚያወጣ ስላወቀ ነው የመጣው። ዋነኞቹ ገዢዎች ሰባት ቀን ሙሉ ድምፃቸውን አጥፍተው ይከርሙና በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ይወርዱበታል። አንተ ብቻ እሁድ ማታ፣ ሰው ቤቱ ሲሆን እንዲያልቅ አድርገህ ክፈተው።

ወደ ጠገራ ብሮቹ ስንመጣ፣ እባክህ አትጠባቸው። አንድ የማውቀው ሰው የምኒልክ ብር በሎሚና በአመድ ፈግፍጎ እንደ መስታወት አብለጭልጮ ዋጋውን ገደለው። ሰብሳቢ የሚፈልገው ያንን ጥቁረቱን ነው። የማርያ ትሬዛው ላይ 1780 የሚል ታያለህ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ትሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታውም ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ሮም ውስጥ በጣልያን ወረራ ጊዜ የተመታ እንኳ 1780 ይላል። «የ18ኛው ክፍለ ዘመን» ብለህ ከጻፍክ አዋቂዎቹ ይስቁብሃል፣ አንዱ ደግሞ ገዝቶ ይመልስብሃል። 28 ግራም ገደማ መመዘን አለበት፤ ሚዛን ላይ አስቀምጠህ ፎቶ አንሳው። የምኒልኩ ዓመተ ምሕረት ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ 1889 የሚለው ለፈረንጁ 1897 ገደማ ነው። ይህንንም ጻፍለት።

የብራናውን ዳዊት ከዚህ ውስጥ አውጣው። እንዲህ ያለ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው፤ ፈቃዱ የታለ ሲሉህ ምን ትላለህ? በ2021 እንግሊዝ አገር ዶርሴት ውስጥ የመቅደላ ቅርሶች ለጨረታ ወጥተው በኢትዮጵያ ጥያቄ ከጨረታው ተነስተዋል፣ በኋላም ተመለሱ። የጋሼ ዳዊት ከመቅደላ አልመጣም፣ ግን እዚያ ወሬ ውስጥ ምን አገባህ። ቤት ይቀመጥ።

ሌላው ቶሎ ያልቃል። ኢቤይ ለአብዛኛው እቃ ከ13 በመቶ በላይ ይቆርጣል፣ መላኪያውና ታክሱም ተደምሮ ነው የሚታሰበው፤ ሂሳብህን በዚያ ሥራ። ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥተህ ከጀርባው አድርገህ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሃል እሸገው፤ ውስጡ እያለ ከተላከ የሽፋኑን ጠርዝ ይቀደዋል። ለሸክላ ሚዲያ ሜይል የሚባለው የፖስታ ቤቱ መላኪያ ርካሽ ነው፣ ለብሮቹ ግን አይፈቀድም። ጠቅላላው 750 ዶላር ከደረሰ በፊርማ የሚረከቡትን ምረጥ። «ስልክህን ስጠኝ፣ ቼክ ልላክ፣ ኮድ ይመጣልሃል ንገረኝ» የሚልህን ሁሉ መልስ ሳትሰጥ እለፈው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደውልልኝ፣ ከዚያ በፊት የሸክላዎቹን ወረቀት ፎቶ ላክ። አንድ ላይ ሆነን የትኛው ለጨረታ እንደሚሆን እንለያለን። እማማስ እንዴት ናቸው፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ሳምልኝ። ልጆቹ አማርኛ ይናገራሉ ወይስ እንደኔዎቹ «እሺ» እና «እንጀራ» ላይ ቀርተዋል?

ወንድምህ