ለደንበኞቻችን፦ ከሙሉ የድስት ስብስብ አንዱ ሲጎድል

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

«ይህን የመሰለ ድስት ፈልጉልኝ» የሚል ፎቶ በብዛት እየደረሰን ነው። መፈለጉ ሥራችን ነው፤ ነገር ግን በፎቶ ብቻ የተገዛ ድስት ቡፌ ላይ ካሉት ወንድሞቹ ጋር አይገጥምም። ፋብሪካዎች አንድን ሞዴል ለጥቂት ዓመታት ሠርተው እጀታውን ወይም የአፉን ቅርጽ ይቀይሩና በዚያው ስም መሸጣቸውን ይቀጥላሉ። ስሙም ካርቶኑም ያው ሆኖ ክዳኑ አልገባ ይላል። ስለዚህ ፍለጋ ከመጀመራችን በፊት የሚከተለውን ለክታችሁ ላኩልን።

መጀመሪያ አፉን ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ ለኩ፤ ከዚያ ድስቱን ሩብ ዙር አዙራችሁ ድገሙት። ሁለቱ ልኮች ከተለያዩ ድስቱ ወድቆ ተጣሟል ማለት ነው፤ ልከኛ ክዳን ብናመጣለትም ይንገዳገዳል። ማስመሪያ ከሌለ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፦ ከአፉ ሥር ዙሪያውን ለክታችሁ ለ3.14 አካፍሉት። ዙሪያው 75 ሴንቲ ተኩል ግድም ከሆነ ድስቱ ባለ 24 ነው። ጥልቀቱንም ከውስጥ ለኩና በሊትር ጠርሙስ ውኃ እየሰፈራችሁ እስከ አፉ ሙሉት። አፉ 24፣ ጥልቀቱ 11 ሴንቲ የሆነ ጎነ ቀጥ ድስት 5 ሊትር ያህል ይይዛል። የእናንተ ከዚህ ስሌት በጣም ከራቀ አንዱ ልክ ተሳስቷል፣ ወይም ድስቱ ወደ ታች የሚጠብ ዓይነት ነው። ድስቱ ራሱ ጠፍቶ ከሆነ የቀሩትን ለክታችሁ ላኩ። ብዙውን ጊዜ በ2 ወይም በ4 ሴንቲ ልዩነት ስለሚወርዱ 16፣ 20 እና 28 ካላችሁ የጎደለው 24 መሆኑ አይጠፋንም።

ቀጥሎ መቀመጫው ላይ ያለው ማህተም ነው። ጥላሸት ከሸፈነው በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡት እንጂ በሽቦ አትፈትጉት፤ ሽቦ ፊደሉን ይበላዋል። ካደረቃችሁ በኋላ ዱቄት ነስንሳችሁ በመዳፍ ጠረግ አድርጉት። ዱቄቱ በተቀረጸው ውስጥ ስለሚቀር የደበዘዘው ፊደል ነጭ ሆኖ ይወጣል። ያኔ ከላይ ቀጥ ብላችሁ፣ ከጎኑ ማስመሪያ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት።

ስቴንለስ ከሆነ ማህተሙ ላይ 18/10 ወይም 18/0 የሚል ቁጥር ሊኖር ይችላል። የፊተኛው 18 በመቶ ክሮሚየምና 10 በመቶ ኒኬል አለው፤ የኋለኛው ኒኬል የለውም፣ ቶሎም ይዝጋል። ቁጥሩ ከጠፋ ጎኑ ላይ ማግኔት አስጠጉ፦ 18/0 አጥብቆ ይይዛል፣ 18/10 ግን አይዝም ማለት ይቻላል። መቀመጫው ላይ አትሞክሩት፤ ለኢንዳክሽን ምድጃ ተብሎ ማግኔት የሚይዝ ብረት ከሥር የተለጠፈበት ድስት ብዙ ነው።

አብዛኞቻችሁ የምትፈልጉት ክዳን ብቻ ነው። ክዳን ሁለት ልክ አለው፤ አንዱ የውጭ ዙሪያው፣ ሌላው ወደ ድስቱ የሚገባው እርከን። ባለ 24 ተብሎ የሚሸጥ ክዳን እርከኑ 2 ሚሊ ቢበልጥ አይቀመጥም፤ ቢጎድል ደግሞ በእንፋሎቱ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሁለቱንም ልክ እንፈልጋለን። የወለቀው የላይኛው መያዣ ብቻ ከሆነ አዲስ ክዳን አትግዙ፤ መያዣውን እንቀይርላችኋለን። የመስታወት ክዳን ሆኖ ራሳችሁ ከቀየራችሁት በመስታወቱና በብረት ሮንዴላው መካከል ጎማ ይግባ፣ ብሎኑም በጣት ኃይል ብቻ ይጥበቅ። ያለ ጎማ በፒንሳ የጠበቀ መስታወት እሳት ሲነካው ፍርክስክስ ሊል ይችላል።

ከውጭ አገር ዘመድ ያመጣላችሁ፣ ነጭ ሆኖ ሰማያዊ አበባ ያለበት ኮርኒንግዌር የሚባለው እሳት የሚችል የአሜሪካ ድስት ለብቻው ይታይ። ይህ አበባ የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1988 ነው። ከሥሩ ያለው ቁጥር በ«ፒ» (P) የሚጀምረው ቀዳሚው፣ በ«ኤ» (A) የሚጀምረው ተከታዩ ሲሆን የአንዱ ክዳን ለሌላው አይሆንም። የሚያሰጋን ሌላ ነው፦ በዚሁ ስም በኋላ የወጣ፣ ከሸክላ ዘር የሆነና ለኦቨን ብቻ የተሠራ ዕቃ አለ። መልኩ አንድ ስለሆነ ሰው እንደ ድሮው እሳት ላይ ይጥደዋል፣ እሱም ይሰነጠቃል። ከሥሩ ምድጃ ላይ እንዳይጣድ የሚከለክል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካለ ለቡፌ እንጂ ለወጥ አይሆንም።

ስለ ኢናሜሉ ብረት ድስት አስቀድመን እንንገራችሁ፤ ቀለሙ ቁርጥ ያው አይሆንም። ኢናሜል 800 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት ብረት ላይ የቀለጠ ብርጭቆ ነው፤ በሙቀቱ ትንሽ ልዩነት ቀዩ ይጠቁራል ወይም ይፈካል። እኛ ብንሆን ከቀለሙ ይልቅ ልኩንና እጀታውን እናስቀድም ነበር። ከውስጥ የተላጠውን ግን በርካሽ ቢገኝም አንገዛላችሁም፤ ብረቱ ይዝጋል፣ ስባሪውም ምግብ ውስጥ ይገባል።

ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ምግብም ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ለባቄላና ለሥጋ የእንፋሎት ድስት የምትወዱት ያለ ምክንያት አይደለም። የዚህን ድስት ጎማና ቫልቭ ከራሱ ሞዴል ካላገኘን «ይጠጋጋል» ብለን አንሰጥም።

ፍለጋው የሚጀምረው ከደሴ ፒያሳና ከሰኞ ገበያ ነው፤ ከዚያ ወደ መርካቶ፣ በተለይ ወደ ምናለሽ ተራ ይዘልቃል። ዕቃው ከአረብ አገር የመጣ ከሆነ እዚያ ላሉት እህቶቻችሁና ልጆቻችሁ ልኩንና የማህተሙን ፎቶ ላኩላቸው፤ በገዙበት ከተማ የመገኘት ዕድሉ ከዚህ ይሻላል። እስከዚያው የቀረውን ያልተሟላ ነው ብላችሁ ለቆራሌው አትስጡ። ከሌላ ቤት የጎደለው ያ ሊሆን ስለሚችል ወደ እኛ አምጡት፣ እንገዛዋለን።

ቀብዱ የተስማማንበት ዋጋ ሲሶ ነው፤ በሁለት ወር ውስጥ ካላገኘን ሙሉውን እንመልሳለን። ኮምቦልቻ ያላችሁ ዕቃው ሲደርሳችሁ ክዳኑን ድስቱ ላይ አስቀምጣችሁ አንድ ዙር አሽከርክሩት። ሳይነካ ከዞረ ቀሪውን ክፈሉ፤ ከያዘ በመጣበት መኪና መልሱልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የወጥ ቤት ዕቃ ሱቃችሁ፣ ደሴ