እሁድ ጣና ዳር እንገናኝ

ሰላም ኮምፒውተር ሳይንስ በርቀት የምንማር ወንድሞችና እህቶች፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ዳታ ስትራክቸር (መረጃ በኮምፒውተር ውስጥ የሚደራጅበትን መንገድ) አብረን እናጠናለን። ላፕቶፕ ያላችሁ ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ። የሌላችሁ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃችኋል።

ሥራ ውላችሁ፣ ልጆች አስተኝታችሁ፣ ሞጁሉን በሌሊት እንደምታነቡ አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። ግን ኮምፒውተር ሳይንስ በንባብ ብቻ አይገባም። ባይናሪ ሰርችን፣ ማለትም በተራ ከተደረደረ ዝርዝር አንዱን ነገር ግማሽ ግማሹን እየጣሉ የሚፈልጉበትን ዘዴ፣ ሦስት ጊዜ አንብቤ ጭራሽ አልገባኝም ነበር። አንድ ቀን የዘመድ አዝማዱን ስም በፊደል ተራ ጽፌ፣ ከመሃል እየጀመርኩ፣ የማያስፈልገኝን ግማሽ እየጣልኩ አንዱን ስፈልግ ወዲያው በራልኝ። 1,000 ስም ቢኖር ቢበዛ በ10 ሙከራ ይገኛል! አንድ ሚሊዮን ቢሆን እንኳ 20 ይበቃል። በእጃችሁ ሠርታችሁ ካያችሁት በቃ አትረሱትም። እሁድም የምንጀምረው ከዚሁ ነው።

መብራትና ኔትወርክ ሲኖር ፓይተን የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ከነማብራሪያ ሰነዱ አውርዱ። ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

ለመውጫ ፈተናው መዘጋጀትን ለመጨረሻ ዓመት አታቆዩት። ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ጥያቄው ግን ከፕሮግራሚንግ እስከ ዳታቤዝ፣ ከኔትወርክ እስከ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስለሚመጣ የጨረሳችሁትን ሞጁል ለማንም አትስጡ።

ገና ለመመዝገብ የምታስቡ ደግሞ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ተቋሙ በርቀት ለዚሁ ትምህርት እውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ፤ እባካችሁ ይህን ችላ እንዳትሉ።

"ዕድሜዬ ገፋ" ብላ የቀረችውን እህታችንንም ደውላችሁ ይዛችኋት ኑ፣ ቦታ እንይዝላታለን።