የመሥሪያ ቤት አሮጌ ኮምፒውተር ለማን ይሸጥ?

ክቡር አዘጋጅ፣

ብዙ መሥሪያ ቤት ጓሮ ውስጥ ላስቲክ የለበሰ ክምር አይጠፋም። ኮምፒውተር፣ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው የዩፒኤስ ያበጠ ባትሪ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ለምን አይነሳም ሲባል መልሱ «ገና ከመዝገብ አልተሰረዘም» ነው። ኮሚቴ እስኪሰየም፣ ዋጋ እስኪገመት ክረምት መጥቶ ይሄዳል። በመጨረሻ ጨረታ ይወጣል፤ ብልጫ ያለው ዋጋ የሰጠ ሁሉንም ጭኖ ይሄዳል።

ሰውየው ዕቃውን ምን ሊያደርገው ነው? የሚጠይቀው የለም። ንብረት ክፍል ስለምሠራ የጨረታ ሰነዱን አውቀዋለሁ። ሲፒኦ፣ ማለትም በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ ይጠይቃል፣ ዕቃው በስንት ቀን እንደሚነሳ ይደነግጋል። ስለ ባትሪው ግን አንድ መስመር የለውም።

መዳቡና ብረቱ መርካቶ ምናለሽ ተራ ገዢ አያጣም። ችግሩ ገዢ የሌለው ነው። የድሮው ባለ ትልቅ ጀርባ ስክሪን መስታወት ውስጥ እርሳስ አለ፤ ከተሰባበረ በኋላ የትም ይደፋል። ሽቦው ደግሞ መዳቡ እንዲወጣ ይቃጠላል። ጭሱን የሚተነፍሱት አቃጣዮቹና የሰፈር ልጆች ናቸው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ዕቃውን የሸጥነው እኛ ነና።

ሕግ የለም እንዳንል፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ደንብ ቁጥር 425/2010ን ካወጣ ቆይቷል። የጎደለው ደንቡ ወደ ስቶራችንና ወደ ጨረታ ሰነዳችን መውረዱ ነው።

ስቶሩ ጣሪያና የሲሚንቶ ወለል ይኑረው። ስክሪን ሳይሰበር ይቀመጥ። ያበጠ ባትሪ ከወረቀትና ከካርቶን ይራቅ፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። አሲድ ያለው ባትሪ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ለብቻው ይሁን። ጨረታው ላይ ደግሞ ተጫራቹ ከአካባቢ ጥበቃ ፈቃድ ያምጣ፤ የማይሸጠውን ትርፍራፊ የት እንደሚያደርስም ይፈርም። እርግጥ እንዲህ ሲሆን የምናገኘው ብር ይቀንሳል። ይቀንስ።

ቆራሌዎችን ግን ማባረር አይገባም። ከየቤቱ አሮጌ ሬዲዮና ቻርጀር የሚሰበስቡት እነሱ ናቸው። በየወረዳው በኪሎ የሚረከባቸው ቦታ ቢኖር ሽቦ ለማቃጠል ምን ያስገድዳቸዋል?

በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የመንግሥት ንብረት አስተዳደርን የሚመራው አካል ከዚያ በፊት እነዚህን ግዴታዎች የያዘ አንድ ወጥ የጨረታ ሰነድ ቢያወርድልን እኛ ነገ ልንጀምርበት እንችላለን።

አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ
አዲስ አበባ