የጣና ማኅደር የገበያ ዕቃ እንዳይሆን፦ ለባሕር ዳር ልጆች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የባሕር ዳር ልጆች፣ በሐይቁ ዙሪያ የምትኖሩ ወገኖች፣ ርቃችሁም ጣናን የምትናፍቁ ሁሉ፤

ነገር ሳናስረዝም፣ 180,000 ብር ያስፈልገናል። የጣናን ፎቶ፣ ድምፅና የእጅ ሥራ የምናስቀምጥበት ድረ ገጽ ለሚቀጥለው አንድ ዓመት ሳይዘጋ፣ ማስታወቂያም ሳይለጠፍበት እንዲቆይ ነው። ገንዘቡ በምን በምን ላይ እንደሚውል ወደ ታች እንነግራችኋለን። ከዚያ በፊት ግን ለምን ወደ ነጋዴ ሳይሆን ወደ እናንተ እንደመጣን መናገር አለብን፤ በዚህ ነገር አንድ ጊዜ ተቃጥለናልና።

ከሰባት ዓመት በፊት፣ ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር፣ ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የሆኑ አንድ አባት ታንኳ ሲሠሩ በስልክ ቀረጽናቸው። ታንኳው የሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል፣ ደንገሉ፣ ከተቆረጠ ቀናት አልፈውት፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ደርቋል። እሳቸው መሬት ላይ ተቀምጠው ነዶውን በጉልበታቸው ይጫኑታል፤ የገመዱን አንድ ጫፍ በእግራቸው አውራ ጣት ይዘው ሌላውን በሁለት እጃቸው ይስባሉ። ቀረጻው 40 ደቂቃ ያህል ነው። አብዛኛው ንግግር የለበትም፤ የሚሰማው የደንገሉ መንኮሻኮሽ፣ የአባታችን ትንፋሽና ዳር ዳሩን የሚመታው ውሃ ብቻ ነው። ከዚያ ሳናስበው ቀና አሉና «ልጆቼ፣ ደንገሉ እርጥብ ሆኖ ከታሰረ ታንኳው ሐይቅ ሳይገባ ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው። ውሃ የጠጣ ታንኳ ራሱ ሸክም ነው፤ ሰው አይሸከምም» አሉን።

ቀረጻውን የሰጠነው በጊዜው ጣናን የሚወዱ ጥቂት ወጣቶች ለሚያንቀሳቅሱት አንድ ድረ ገጽ ነበር። ሲጀምር ግሩም ነበር። አንዱ ከዘጌ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕል ፎቶ ሲያወጣ፣ በማግስቱ አንድ ዲያቆን «ይህ እናንተ ያላችሁት ቅዱስ አይደለም» ብሎ ታሪኩን ጽፎ ያርማል። አስጋሪው፣ እኛ ነጭ ዓሳ ብለን በአንድ ስም የምንጠራውን፣ በአፉ ቅርጽና እንቁላሉን ሊጥል በሚወጣበት ወንዝ ለይቶ ያስረዳናል። (ተመራማሪዎች በጣና ከዚህ የዓሳ ወገን ከደርዘን በላይ ዝርያ ለይተዋል፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የሉም። አስጋሪዎቻችን ብዙዎቹን በስም ይለዩአቸው ነበር።) ለዚህ ሁሉ ማንም አልተከፈለውም። ሰው የሚያውቀውን ያመጣ ነበር፤ ያመጣውን የሚያውቅለት ሰው ስለነበረ።

ውድቀቱ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ የሰርቨር፣ ማለትም ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ኪራይ ለመሸፈን ተብሎ ከገጹ ጎን አንዲት ማስታወቂያ ተለጠፈች። በዚያ ማንም አልተቀየመም፤ ልጆቹ ኪራዩን ከኪሳቸው ሲከፍሉ ኖረው ደክሟቸው ነበር። ነገር ግን የማስታወቂያ ገንዘብ የሚመጣው በዕይታ ብዛት ነው። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ የሚቆጠረው ዕይታ ሆነ፤ ዕይታ ያላመጣ ነገር ሁሉ እንደ ትርፍ ይታይ ጀመር። አንዱ ጽሑፍ አምስት ቦታ ተቆራረጠ፣ አንባቢው አምስት ጊዜ እንዲነካ። የዓሳው ስም የነበረበት ቦታ የሆቴል ዝርዝር ገባበት፤ የሚያድርበትን የሚፈልግ እንግዳ ከአስጋሪው ይልቅ ገንዘብ ያመጣልና። የአባታችን 40 ደቂቃ ወደ አንድ ደቂቃ ተቆርጦ፣ ሙዚቃ ገብቶበት፣ «ለማመን የሚከብድ ጥበብ!» የሚል ርዕስ ተሰጠው። ስለ እርጥብ ደንገል የተናገሩት ቃል ተቆርጦ ከተጣለው ውስጥ ነበር።

ሥዕሎቹን ያርም የነበረው ዲያቆን ሦስት ጊዜ ጽፎ መልስ ሲያጣ ተወው። እሱ ሲሄድ ስህተቱን የሚያይ ዓይን አልቀረም። አስጋሪዎቹም ቀሩ። የቀረው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ አይቶ ያልፋል እንጂ የሚጨምረው የለውም። ቆይቶ ሰው ሁሉ ወደ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ሲዞር ዕይታው ወረደ፤ ከዕይታው ጋር ገንዘቡም ወረደ፤ በመጨረሻ ድረ ገጹ ተሸጠ። ገዢው የፈለገው ስሙን ብቻ ነበር። ዛሬ ያንን አድራሻ ብትከፍቱ የሚመጣላችሁ የስፖርት ውርርድ ነው።

እኒያ አባት ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ከቀረጻው የተረፈው ከመካከላችን የአንዱ አሮጌ ሜሞሪ ካርድ ላይ የተገኘ 26 ደቂቃ ነው። የታንኳውን አፍንጫ ወደ ላይ አጥፈው ሲያስሩ የሚያሳየው የመጨረሻው ክፍል የለም። ልጆቻቸውን ጠየቅን፤ አባታቸው የሚያስሩበትን መንገድ አንደኛው በከፊል ያስታውሰዋል፣ ሌሎቹ ሥራውን አልያዙትም።

ይህን የምናነሣው እነዚያን ወጣቶች ለመውቀስ አይደለም። ጥፋቱ የእኛም ነው። ለዓመታት ገብተን ስናይ፣ ስንወስድ፣ ስናጋራ፣ አንድ ቀን እንኳ «ለመሆኑ ኪራዩን ማን ነው የሚከፍለው?» ብለን አልጠየቅንም። እኛ ዝም ስንል የጠየቃቸው ማስታወቂያ አስነጋሪው ነው።

በእኛ ብቻ የደረሰም አይደለም። ጂኦሲቲስ የሚባለው አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1994 ሲጀመር ተራ ሰዎች ስለሚወዱት ነገር የራሳቸውን ገጽ በነፃ የሚሠሩበት ነበር። ያሁ በ1999 ከሦስት ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ገዛው፤ በጥቅምት 2009 ደግሞ ዘጋው። ከዚያ ሁሉ ገጽ ዛሬ የሚታየው የድሮ ድረ ገጾችን የሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭና በጎ ፈቃደኞች መዝጊያው ቀን ሳይደርስ ተሯሩጠው የገለበጡት ነው። ለእኛ ይበልጥ ትምህርት የሆነን ግን ዊኪትራቭል ነው። መንገደኞች ስለሚያውቁት ከተማ በነፃ የሚጽፉበት መመሪያ ነበር፤ በ2006 ለአንድ ኩባንያ ተሸጠ። ጸሐፊዎቹ ማስታወቂያው ሲበዛና ጥገናው ሲጓደል ስድስት ዓመት ያህል ታገሡና በ2012 ብዙዎቹ ተያይዘው ወጡ። ኩባንያው ሁለት በጎ ፈቃደኞችን እስከ መክሰስ ደረሰ። ጸሐፊዎቹ ግን የጻፉትን ሁሉ ይዘው ሄደው በጥር 2013 ዊኪቮያጅ ተብሎ በይፋ ተከፈተ፤ ለትርፍ ባልቆመው፣ የዊኪፔዲያም አስተዳዳሪ በሆነው ዊኪሚዲያ ሥር። ይዘው መሄድ የቻሉት ከመጀመሪያው ጽሑፉ ማንም እንዲገለብጠው በሚፈቅድ ፈቃድ ስለወጣ ነው። እኛ ያ ፈቃድ አልነበረንም። ቅጂውም አልነበረንም።

የእኛ ሰው ይህን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። የዕድር ድንኳን የማን ነው? ብረት ድስቱስ? አንድ ሰው ተነሥቶ ልሽጠው ቢል ሰፈሩ ያብዳል። ዕድር የሚቆመው በየወሩ በምትከፈል ትንሽ መዋጮ ነው፤ ድንኳኑም ሰው በሞተ ዕለት በሰዓቱ ይተከላል። ወንበሩን የሚያከራይ ዕድር መኖሩን እናውቃለን፤ ሐዘን በገባበት ቀን ግን ወንበሩ ለተከራይ አይሰጥም። ስለዚህ ገንዘብ የሚባል አይነካን እያልን አይደለም፤ ወንበሩ መጀመሪያ የማን እንደሆነ ሁላችንም እንወቅ ነው የምንለው።

ባለፈው ዓመት አንድ ድርጅት የአሁኑን ድረ ገጻችንን የሁለት ዓመት ኪራይ ልክፈል ብሎ መጥቶ ነበር። በምላሹ የፈለገው የመጀመሪያውን ገጽ ለማስታወቂያና ጽሑፎቹን አስቀድሞ የማየት መብት ነው። ስምንት ሆነን አንድ ሙሉ ከሰዓት ተነጋገርን። ከመካከላችን ሁለቱ እንቀበል አሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አልነበረም፣ «ከምንዘጋ ይሻላል» ነው ያሉት። በመጨረሻ ግን አልተቀበልንም። ይህ ጥሪ ከዚያ ስብሰባ የወጣ ነው።

ጊዜውም አይጠብቅም። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ዙሪያውን በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት መዝግቦታል። እምቦጭ በሐይቁ ላይ መኖሩ በይፋ ከተነገረበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ዳሩ ምን ይመስል እንደነበር፣ መቼ እንደተሸፈነ፣ መቼ እንደጸዳ፣ መቼ ተመልሶ እንደመጣ የሚያሳይ ቀን የተጻፈበት ፎቶ ከየሰው ስልክ እየሰበሰብን ነው። ቀን የሌለው ፎቶ ያምራል እንጂ አይመሰክርም። ሰው ደግሞ ስልኩን ይቀይራል፣ ይሰብራል፣ ይሰረቃል። ከጣናነሽ መርከብ ላይ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ በኩል እስከ ጎርጎራ ስትጓዙ ያነሣችሁት ፎቶ ዛሬ የት ነው?

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ሰርቨሩ በወር 40 ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ እኛም ስንከፍል የቆየነው ከደመወዛችን ነው። ለዓመቱ 72,000 ብር ይዘናል። 40,000 ብር ሁለት ሃርድ ዲስክ ይገዛል። ለስካነርና ለድምፅ መቅረጫ 50,000፣ ወደ ደሴቶቹና ወደ ዘጌ ለመመላለስ ለጀልባ 18,000 ብር መድበናል። ለእኛ ለሠራተኞቹ የተያዘ ምንም ክፍያ የለም።

እኛም ቃል እንገባለን። የተሰበሰበው ሁሉ፣ ባለቤቱ ካልከለከለ በቀር፣ ማንም ገልብጦ ሊያስቀምጠው በሚችል ፈቃድ ይወጣል፤ እኛ ብንደክም፣ ብንሳሳት ወይም ብንጣላ ሌላው ይዞት እንዲሄድ። አንዱ ሃርድ ዲስክ ባሕር ዳር፣ ሌላው ጎንደር ይቀመጣል፤ ሁለቱም ከኢንተርኔት ጋር አይገናኙም። ቀረጻ አይቆረጥም፤ 40 ደቂቃ ከሆነ 40 ደቂቃ ሆኖ ይቀመጣል፣ ሁለት ሰው ብቻ ቢያየውም። የድረ ገጹ ስም በሦስት ሰው ስም ተመዝግቧል፤ ሦስቱም ካልፈረሙ አይሸጥም፣ አይተላለፍም። ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ ከነደረሰኙ ይለጠፋል።

መዋጮው 50 ብርም ቢሆን ስማችሁ ይመዘገባል፤ ስሙ እንዲታይ ለማይፈልግ «አንድ የጣና ወዳጅ» ብለን እንጽፋለን። ብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ ቢያዋጣ ከአንድ ባለጠጋ ትልቅ ገንዘብ ይልቅ ደስ ይለናል፤ አንዱ ሲተወን ሁሉም ነገር አብሮ እንዳይተወን። የባንክና የቴሌብር ቁጥሩ ከዚህ ጥሪ ጋር በተያያዘው ምስል ላይ አለ፤ በሌላ መንገድ በሚደርሳችሁ ቁጥር እባካችሁ አታስገቡ። ከታቀደው በላይ ከገባ ለቀጣዩ ዓመት ኪራይ ይቀመጣል።

ገንዘብ የሌላችሁ ፎቶ አምጡልን። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የፖሊ ቴክኒኩ፣ የድሮው ገበያ፣ የሠርግ ጀልባ፣ የጥምቀት ፎቶ፣ ሁሉንም እንፈልጋለን። ፎቶውን እናንተው ባላችሁበት ስካን አድርገን ወዲያው እንመልስላችኋለን። አደራ፣ ከጀርባው በእርሳስ የተጻፈ ካለ አታጥፉት፤ ቀኑንና ስሙን የምናገኘው ከዚያ ነው።